የአያታችንን መቃብር ፍለጋ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደምታውቁን የተማርነው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ እስከ ወጣንበት እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ያሳለፍነው ከመዝገብ፣ ከማኅተምና ከካርቦን ወረቀት ጋር ነው። ስለዚህ ንግግራችን የጸሐፊ እንጂ የሊቅ ንግግር አይደለም። ጉድለት ቢገኝበት ለሽበታችን ስትሉ ታልፉናላችሁ።

የምንናገረው በጥር ወር 2012 ዓ.ም. ከቤተ ሰባችን ጋር ወደ ስማዳ ስላደረግነው ጉዞ ነው። «ይኸ የቤታችሁ ጉዳይ ነው፤ ለዕድር ምን ይረባል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ይረባል። እንዴት እንደሚረባ ለማስረዳት ባለፈው ዓመት አብዛኞቻችን ከነበርንበት አንድ ቀብር እንነሣ። የሟቹን ስም አንጠራም፤ አባላችን ነበር፤ ነፍሱን ይማር። ጡሩንባ ተነፍቶ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ ሬሳው ከወጣ በኋላ ካህኑ «የክርስትና ስሙ ማነው?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሚስቱ ቀድማው ሞታለች። ጎረቤትም አያውቅም። መተማ የምትኖር እኅቱ በስልክ እስክትገኝ ድረስ ሬሳ አስቀምጠን አንድ ሰዓት ሙሉ ቆምን።

ያን ቀን ማታ የዕድሩን መዝገብ ገለጥን። ስሙ አለ፤ የቤቱ ቁጥር አለ፤ የወር መዋጮው አለ፤ ከቀብር የቀረበት ቀንና የተቀጣው ገንዘብ ሳይቀር ተጽፏል። በእግዚአብሔር ፊት የሚጠራበት ስም ግን የለም። ያንን መዝገብ ለዓመታት የጻፍነው እኛው ነን። ስለዚህ የምንናገረው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም።

አሁን ወደ ጉዞው እንመለስ።

የእኅታችን ልጅ በኢጣሊያ አገር በሮማ ከተማ ትኖራለች። በሰው ቤት አሮጊትና ሽማግሌ እየጦረች ሁለት ልጆች አሳድጋለች። ለ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ከባለቤቷና ከልጆቿ ጋር መጣች። ትልቋ ልጅ የዐሥራ አራት፣ ታናሹ የዘጠኝ ዓመት ነበሩ። አማርኛ ይሰማሉ፤ ሲናገሩት ግን ይሰባብሩታል። ቤታችን ገብተው ሦስተኛው ቡና ሲጠጣ ልጅቱ ደብተር አወጣችና «አያቴ፣ የአባትህን አባት ስም ንገረኝ» አለችን። እናቷ «አንቱ በያቸው እንጂ!» ብላ ደነገጠች። እኛ ግን ሳቅን። በኋላ ስናስበው የሚያሳፍረው የሷ «አንተ» ማለት አልነበረም፤ የኛ መልስ ማጣት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አስተማሪያቸው እያንዳንዱ ተማሪ የቤተ ሰቡን ትውልድ ጽፎ እንዲያመጣ አዘዘች። የጣሊያን ልጆች ከማዘጋጃ ቤትና ከደብራቸው እያስገለበጡ እስከ ቅድመ አያታቸው አባት ድረስ አመጡ። የኛይቱ እናቷንና አያቷን ጽፋ ተቀመጠች። «የኛ ሰዎች መዝገብ የላቸውም ወይ?» አለችን።

ለልጅ መልስ መስጠት ስላለብን የምናውቀውን ነገርናት። በነሱ አገር የትሬንቶ ጉባዔያቸው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1563 በየደብሩ የተጠመቀና የተጋባ ሁሉ እንዲጻፍ ወሰነ። በኋላም መንግሥት በየማዘጋጃ ቤቱ ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን መመዝገብ ያዘ። ከዚህም የተነሣ አያቶቻቸው ወደ አሜሪካና ወደ አርጀንቲና የተሰደዱባቸው ሰዎች ዛሬ ቤተ ሰባቸውን ይዘው ወደ ኢጣሊያ መንደሮች እየሄዱ የአያታቸውን ስም ከአሮጌ መዝገብ ላይ ያገኛሉ። በኛ አገር ግን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ዐዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ይኸውም ትናንት ማለት ነው።

«ታዲያ ሳይጽፉ እንዴት ያውቁ ነበር?» አለች። ይህን የምታውቁ አዛውንት እዚህ አላችሁ። በቤጌምድርም ሆነ በጎጃም ርስት የሚወርደው በአባትም በእናትም ነበር። መሬት የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ መሬቱን ካቀናው አባት አንሥቶ እስከ ራሱ ድረስ የማን ልጅ የማን ልጅ እያለ በሽማግሌና በዳኛ ፊት ይቆጥራል። አንዲት ስም ከሳተ ባላጋራው «ዘሩን አያውቅም» ብሎ ይረታዋል። ስለዚህ ልጅ ገና ከብት ሲያግድ ዘር መቁጠርን እንደ ሀሁ ይማር ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ ጭሰኛው ከገባርነት ወጣ፤ መሬት ያልነበረውም አገኘ። በዚህ አናዝንም። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ ዘር መቁጠር እህል የማያበላ ሆነ። ማጭድም ካላጨዱበት ይዝጋል። ዛሬ የቀረን በጋብቻ ጊዜ «እስከ ሰባት ቤት ትዛመዳላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ እሱንም ቢሆን በትክክል መልሶ የሚቆጥረው ጥቂት ነው።

እኛም ቆጠርንላት። ከአያታችን አባት ላይ ደርሰን ቆምን። «አያትህ የት ነው የተቀበሩት?» አለች፤ አንቱታው አሁን ለሟቹ ደረሰ። «በጣሊያን ጊዜ አርበኛ ሆነው በረሃ ወደቁ፤ መቃብራቸው አይታወቅም» አልናት። አባታችን የነገሩን እንዲህ ነበር። ልጆቹ «በጣሊያን?» ብለው ወደ እናታቸው ዞሩ። እናታቸው አቀርቅራ የሲኒውን ቂጥ ታያለች።

በዚያ ማታ ነው ጉዞው የተወሰነው። ከአባታችን ትውልድ በሕይወት የቀሩ አንዲት አክስት ነበሩን፤ መንኩሰው እማሆይ ሆነዋል፤ ዕድሜያቸው ዘጠና ደርሷል፤ በስማዳ ቆላ ይኖራሉ። ከንፋስ መውጫ የሁለት ቀን መንገድ ነው። እኛ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አልሄድንም ነበር። ሥራ አለ፣ ልጅ ታመመ፣ ደመወዝ አይበቃም እያልን ከረምን። ዋናው ምክንያት ግን በዚያ አገር ከሌላው የዘመዳችን ቤት ጋር የቆየ ቁርሾ ስለ ነበረና ከምን እንደ ተነሣ እንኳ ሳናውቅ ወርሰነው ስለ ኖርን ነው።

ልጆቹን ከመውሰዳችን በፊት አገራቸውን እናሳያቸው ብለን አንድ ቀን ያህል አዞርናቸው። ሲመጡ ከባሕር ዳር በወረታና በደብረ ታቦር አድርገው፣ ጉናን በስተቀኝ እያዩ ነበርና ወሬውን ከዚያ ጀመርን። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ ርብና ጉማራ ከሱ ተነሥተው ጣና ይገባሉ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት አለ፤ አጼ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበት ነው። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲነሡ ሴባስቶፖል የተባለውን 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገዱንም ፊት ፊት እያስጠረጉ በኛው በጋይንት በኩል ወደ ዋድላና ወደ ደላንታ ዘለቁ። መንገዱ ወራት ፈጀ። እሳቸውም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ገደሉ። ልጁ ይህን ሲሰማ «የጎተቱት ሰዎች ስም ተጽፏል?» አለን። አልተጻፈም። ከነሱ ውስጥ የኛ የቅድመ አያት አባት አይኖርበትም ብሎ ማን ይምላል?

ከንፋስ መውጫ ወደ ምሥራቅ ወጣ ብለን ጨጨሆን አሳየናቸው፤ ጥንት የቤጌምድር በር ይባል የነበረ ነው። ከዚያ ማዶ ከደብረ ዘቢጥ አጠገብ የአንቺም ሜዳ አለ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የቤጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር ገጥመው የወደቁበት ነው። በዚያ ጦርነት አይሮፕላን ወረቀትና ቦምብ ጣለ፤ ለአገራችን የመጀመሪያው ነበር። ንግሥት ዘውዲቱም ከሁለት ቀን በኋላ ዐረፉ። ልጆቹ ከገደሉ ጫፍ ላይ ቆመው ነፋሱን ሲቀበሉ ከተማችን ስሟን ከየት እንዳገኘች ሳንነግራቸው ገባቸው።

በማግሥቱ ቤተ ልሔም ደረስን። ይህን ደብር ከኛ አገር ሰው የማያውቀው የለም። ሕንፃው ከውጭ ክብ ነው፤ ውስጡ ግን ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። የቅዱስ ያሬድን ድጓ የተማረ ሰው ከየትም አገር ቢሆን ለማስመስከር የሚመጣው ወደዚህ ነው፤ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ደግሞ እዚሁ ጋይንት ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። አንድ የድጓ ተማሪ አገኘንና ልጅቱ «መጽሐፉን በቃልህ ለማወቅ ስንት ዓመት ይፈጃል?» ብላ ጠየቀችው። ዓመታቱን ነገራትና አስከትሎ ማን እንዳስተማረው፣ መምህሩን ማን እንዳስተማራቸው፣ ያንንም ማን እንዳስተማረ ቆጠረላት። በወረቀት አላየም። እኛ አጠገቡ ቆመን የገዛ አያታችንን መቃብር የማናውቅ ሰዎች መሆናችንን አሰብን።

ከዚያ በታች ጋይንት አርብ ገበያን አልፈን ወገዳ ገባን፤ የስማዳ ዋና ከተማ ናት። አድረን በማለዳ ቁልቁል ወረድን። እንደ ንፋስ መውጫ ገብስና ድንች የለም፤ ማሽላና ጤፍ ነው። ከታች አገሩ እየተሰነጠቀ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ልጆቹ በበቅሎ፣ እኛ በእግር፣ አራት ሰዓት ያህል ሄድን።

እማሆይ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘናቸው። ዓይናቸው ፈዟል። ጉልበት ስመን ማንነታችንን ስንናገር ምንም ሳይሉ ቆዩና «ለቀብሬ ብቻ ልትመጡ ነበር እንዴ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ከዚያ የልጆቹን ፊት በእጃቸው ዳበሱ። የልጅቱ አፍንጫ ላይ ሲደርሱ «ይኸ የእናቴ ነው» አሉ።

ሁለት ቀን ሙሉ ቆጠሩልን፤ እኛም ጻፍን። በአባታችን በኩል ዘጠኝ ትውልድ፣ በአያታችን በእናታቸው በኩል ሰባት። የዓለም ስሙን አንድ ዓምድ፣ የክርስትና ስሙን አንድ ዓምድ፣ የተቀበረበትን ደብር አንድ ዓምድ አድርገን መስመር አሰመርን። እኛ ወንዶቹን ብቻ ስንጽፍ ሰሙና ተቆጡ፤ «ሴቶቹን ካልቆጠራችሁማ ግማሹ ርስት ከየት መጣ?» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ እንደ ገና ከመጀመሪያው ጻፍን።

በሁለተኛው ቀን ማታ ስለ አያታችን ጠየቅናቸው። «በየትኛው በረሃ ነው የወደቁት?» አልን። እማሆይ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጆቹን አስወጡ» አሉ። የእኅታችን ልጅ ግን «ይስሙት፤ እነሱ ናቸው የጠየቁት» አለች። እማሆይም እንዲህ ሲሉ ተናገሩ፦

«አባቴ በረሃ አልወደቀም። በረሃ የገባው ታላቅ ወንድሙ ነው። የኛ በሬዎች አልቀው፣ ዘር ተበልቶ፣ እናቴ አራት ልጅ ይዛ ስትቀመጥ አባቴ ጣሊያን መንገድ ወደሚያሠራበት ወረደ። ሁለት በጋ ድንጋይ ፈለጠ። ሊሬ አምጥቶ እህል ገዛ። እኔ በዚያ እህል ነው ያደግሁት። ወንድሙ ይህን ሲሰማ ‹ሬሳዬን እንዳይነካ፤ የሱንም አልነካም› ብሎ ማለ። ጣሊያን ወጣ፤ መሐላው አልወጣም። በ1935 ዓ.ም. አባቴን ንዳድ ያዘውና ሞተ። ያ ቤት ከአጥሩ ሳይወጣ ቀረ። እነሱ ሲቀሩ ሌላውም ፈራ። አንድ ቄስ፣ ሁለት ጎረቤትና ሦስት ሴቶች ሆነን ቀበርነው። አባታችሁ ያኔ ልጅ ነው፤ አፈር ሲመልስ አይቼዋለሁ። ‹በረሃ ወደቀ› ብሎ የነገራችሁ ስለዚህ ነው።»

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፤ ስድሳ ዓመት ሙሉ «የአርበኛ ልጆች ነን» ስንል ኖረናል። በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን የአርበኞች በዓል ሲከበር ደረታችንን ነፍተን ቆመናል። በዚያ ማታ በእማሆይ ጎጆ ውስጥ አንገታችንን ደፋን። ዝምታውን የሰበረችው ልጅቱ ናት። «እናቴም ለጣሊያን ትሠራለች፤ እኛን ለማሳደግ ነው» አለች።

ነገሩ አንድ አይደለም። ወራሪ አገር ይዞ ሰው ሲገድል ለሱ ድንጋይ መፍለጥና ዛሬ በሰላም በሰው አገር ሠርቶ ማደር ይለያያል። በዱር ያለው ወንድም መቆጣቱ ትክክል ነበር፤ የሚሠራው መንገድ የጠላት ጦር የሚያልፍበት ነውና። ይህን ለልጅቱ ነግረናታል። ግን ደግሞ አራት የተራቡ ልጆች ያሉት ሰው ምን ያድርግ ብለን ብንጠይቅ እኛም መልሱን ፈጥነን አናገኘውም። ከአራቱ አንዱ አባታችን ነበሩ። ያ እህል ባይገዛ ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆሞ የሚናገር አይኖርም።

በሦስተኛው ቀን እማሆይን በበቅሎ አድርገን ወደ ደብሩ ሄድን። ከምሥራቁ በር ሲገባ አንዲት አሮጌ ወይራ አለች። እማሆይ ግንዱን በእጃቸው ዳበሱ፤ ከሥሩ ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ነበሩ፤ በእግራቸው እየፈለጉ አገኟቸው። «ይኸ ነው» አሉ። እኛ ከበሩ እስከ ድንጋዩ በእርምጃ ለካን፤ ሃያ ሦስት ሆነ፤ ጻፍነው። ካህኑ በክርስትና ስማቸው ጠርተው ጸሎተ ፍትሐት አደረሱ። ሲቀበሩ ስድስት ሰው ነበረ፤ በዚያ ቀን ዐሥራ አንድ ሆንን።

ከደብሩ ስንመለስ በሽማግሌ አስጠይቀን ወደ ሌላው ቤት ሄድን። ጅረት ተሻግሮ ነው፤ ድምፅ ይደርሳል። ሰባ ሰባት ዓመት ሙሉ አንዱ የሌላውን ተዝካር ሳይቀምስ ኖሯል። የዚያ የአርበኛው የልጅ ልጅ የኛ እኩያ ነው፤ ወጥቶ ተቀበለን፤ ጠላ ተቀዳ፤ ዳቦ ተቆረሰ። አባቱ ግን ሽማግሌው ከመጋረጃው ወዲያ ነበሩ፤ ሳላቸውን ብቻ ሰማን። አልወጡም። እኛም አላስገደድንም። ሰው የአባቱን መሐላ በአንድ ቀን አይፈታም።

ከመለያየታችን በፊት የእኅታችን ልጅ የደብተሩን ገጽ በሙሉ አንድ በአንድ በስልኳ ፎቶግራፍ አነሣች። አርባ አንድ ገጽ ነበረ። እኛ በልባችን «ደብተሩ ካለ ፎቶው ምን ያደርጋል?» ብለን ነበር።

እማሆይ በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ዐረፉ። ለቀብር ስንወርድ ከለቀስተኛው ፊት በርኩማ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው አየን፤ ከመጋረጃው ወዲያ የነበሩት ናቸው። አልተነጋገርንም። አፈር ሲመለስ ግን በትራቸውን ለልጃቸው አስይዘው ሁለት እጅ አፈር ጨመሩ።

ከዚያ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ከተማችን ገባ። ስለዚያ ለናንተ አንነግርም፤ ሁላችሁም ኖራችሁበታል። ከዚህ ጉባዔ መካከል ሰው ያጣ አለ፤ የደረሰበትን ተናግሮ የማይጨርሰውም አለ። ቤታችንም ተበረበረ፤ ሣጥኑ ተሰበረ፤ የጡረታ ወረቀታችን፣ የአባታችን ደብዳቤዎችና ያ ደብተር አብረው ጠፉ። ከሰው ሞት ጋር ሲነጻጸር ወረቀት ምንም ነው፤ ስለዚህ ለማንም ሳንናገር ቆየን። እማሆይ ሞተዋል፤ ዳግመኛ የሚቆጥርልን የለም።

ስልክ እንደ ገና ሲሠራ የእኅታችን ልጅ ከሮማ ደወለች። ደብተሩ እንደ ጠፋ ስንነግራት «አለ እኮ፤ እኔ ዘንድ አለ» አለች። አርባ አንዱንም ገጽ ላከችው። ሁለት ሳምንት ሙሉ መነጽር አድርገን ከስልክ ላይ ወደ አዲስ ደብተር ገለበጥን። በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮማ የተወሰደው የአክሱም ሐውልት ተቆራርጦ በአይሮፕላን የተመለሰው በሚያዝያ ወር 1997 ዓ.ም. እንደ ሆነ ታስታውሳላችሁ፤ ያን ጊዜ ከሬዲዮ ሥር ተቀምጠን ሰምተን ደስ ብሎን ነበር። የኛ ደግሞ ድንጋይ ሳይሆን የአያቶቻችን ስም ነው፤ እሱም ከሮማ ተመለሰ። የተመለሰውም ልጆች ጠይቀው፣ አንዲት አሮጊት ሳይሞቱ ተናግረው፣ አንዲት እናት ሁለተኛ ቅጂ ስላስቀመጠች ብቻ ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ ዛሬ ባዶ እጃችንን ነበርን።

ስለዚህ ለጉባዔው ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ አባል በዕድራችን መዝገብ አንድ ሙሉ ገጽ ይሰጠው። በገጹም የክርስትና ስሙ፣ የተወለደበት አጥቢያ፣ የአባቱና የእናቱ ስምና የተቀበሩበት ደብር፣ እንዲሁም የቤቱን ዘር የሚያውቅ ሰው ማን እንደ ሆነ ይጻፍ። ሚስቶችም እስከ ዛሬ እንደ ተጻፉት «ባለቤቱ» ተብለው ብቻ አይቅሩ፤ በገዛ ስማቸውና በገዛ አባታቸው ስም የራሳቸው ገጽ ይኑራቸው።

ሁለተኛ፣ መዝገቡ ሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱ በጸሐፊው ዘንድ፣ ሁለተኛው በሌላ ቀበሌ በታመነ ሰው እጅ ይቀመጥ። ከዚህም ሌላ ገጹ ሁሉ በስልክ ይነሣና ውጭ አገር ወይም አዲስ አበባ ላለ ልጃችን ይላክ። አንድ ሣጥን ምን ያህል እንደሚታመን አይተናል።

ሦስተኛ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ልጆቻችን እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እየተመደቡ ከአዛውንቱ አጠገብ ቁጭ ብለው ይጻፉ። ሽማግሌና አሮጊት ለልጅ የሚናገረውን ለኛ ለእኩዮቹ አይናገርም፤ ይህን በዓይናችን አይተናል። የሚነገረው ሁሉ የሚያኮራ ላይሆን ይችላል። ቢሆንም እንደ ተነገረ ይጻፍ። በየቤታችን «በረሃ ወደቀ» እየተባለ የተሸፈነ ስንት ነገር እንዳለ እያንዳንዳችን እናውቀዋለን፤ ባለመነገሩም ስንት ቤት ከስንት ቤት ጋር ሳይቀባበር እንደሚኖር እናውቃለን። ዕድር የተቋቋመው ለመቀባበር ነው። ከዘመድ ጋር ሳይቀባበሩ ከጎረቤት ጋር መቀባበር ግማሽ ሥራ ነው።

ወጪውን በተመለከተ አሳብ አይግባችሁ፤ በወር መዋጮ ላይ የሚጨመር የለም። የመዝገቡን ወረቀት ከጡረታችን ገዝተናል። መስመሩንም አስምረናል፤ ሌላ ሙያ ስለሌለን በዚህ እንርዳ። መዝገቡ እዚያ ከገንዘብ ያዡ ጠረጴዛ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ በራሳችን ስም ሞልተነዋል፤ የአያታችንም ታሪክ እማሆይ እንደ ነገሩን፣ ሊሬውም ሳይቀር፣ ተጽፎበታል። የፈለገ ያንብበው።

ስትወጡ የክርስትና ስማችሁን እየተናገራችሁ እለፉ። የማታውቁት ካላችሁ ዛሬ ማታ እናታችሁ ላለችው ደውሉ። እናታችሁ ያረፈች አክስት ፈልጉ፤ መንገዱ ቢርቅም ሂዱ።

ያለፉትን ነፍሳቸውን ይማር፤ ለኛም ዕድሜና ጤና፣ ለአገራችን ሰላም ይስጥልን።